እድር ከነጡሩምባው፦ በኒው ኦርሊንስ የዋልንበት ነጻ የቤተሰብ ቀን

ከሂውስተን ኒው ኦርሊንስ በመኪና ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ሁለት ልጅ ከኋላ ጭናችሁ ከሆነ ደግሞ ይረዝማል። የሄድነው ዘመድ ጥየቃ ነበር፤ አንድ ሙዚየም የከተማዋን ሙዚቃና የሰልፍ ባህል ለልጆች የሚያሳይበት ነጻ የቤተሰብ ቀን አዘጋጅቷል ሲሉን ጎራ አልን። ነጻ ስለሆነ ብዙ አልጠበቅኩም ነበር። እስኪዘጋ ድረስ ግን አልወጣንም።

ሙዚየም ስንሄድ ቀኑን ሙሉ "አትንኩ" ስል ነው የምውለው። እዚህ ንኩ ተባሉ። አንድ ወጣት ትልቁን ከበሮ አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ጎንበስ ብሎ ልጄን አስመታት። ከበሮው አናት ላይ የናስ ሳህን ታስሯል፣ እሱን የሚመቱት በታጠፈ የኮት መስቀያ ሽቦ ነው። "እኛም ቤት አለ!" አለች። የታዋቂውን የጃዝ ጡሩምባ ነፊ የሉዊ አርምስትሮንግንም ታሪክ ነገሯቸው፦ በፈረንጆቹ 1912 ማብቂያ፣ በአዲስ ዓመታቸው ዋዜማ መንገድ ላይ ሽጉጥ ተኩሶ ሲያዝ ገና 11 ዓመቱ ነበር፤ የተላከበት የልጆች ማረሚያ ባንድ ስለነበረው ኮርኔት የሚሉትን ጡሩምባ መሳይ መሣሪያ በደንብ የተማረው እዚያ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ሰከንድ ላይን የሚሉት ሰልፍ ነው። ባንዱና ሰልፉን የጠራው ማኅበር ከፊት ይሄዳሉ፣ ከኋላ መሀረብ እያውለበለበ እየጨፈረ የሚከተለው ሕዝብ ሁለተኛው መስመር ይባላል። የነዚህ ማኅበራት መነሻ ደግሞ ጥቁሮች ገንዘብ አዋጥተው የታመመውን ለማሳከም፣ የሞተውን በክብር ለመቅበር ያቋቋሟቸው መረዳጃዎች ናቸው። እድር ነው እኮ! የእኛ እድር ጡሩምባ የሚያስነፋው ሞት ለመለፈፍ ነው፣ እነሱ ደግሞ ሙሉ ባንድ ቀጥረው ሬሳውን እስከ መቃብር ይሸኙበታል። ሲሄዱ ሆድ የሚያባባ ዝግ ያለ መዝሙር ነው፤ ከተቀበረ በኋላ ሙዚቃው ይፈጥናል፣ ሰዉም ይጨፍራል። ከቀብር መልስ ንፍሮ ለለመደ ሰው መጀመሪያ ይከብዳል። ግን አልቅሰው ነው የሚጨፍሩት፤ ይህ ሲገባኝ ቀለለኝ።

የጨሌ ስፌቱ ጠረጴዛም ድንቅ ነው። ማርዲ ግራ ኢንዲያንስ (ማርዲ ግራ የከተማዋ ዓመታዊ ካርኒቫል ነው) የሚባሉት ጥቁሮች በጨሌና በላባ ያጌጠ ልብሳቸውን በእጃቸው ይሰፋሉ፣ ለየዓመቱ አዲስ። ከባርነት ያመለጡትን ላስጠጉ የአገሬው ተወላጆች (ኢንዲያኖች) ክብር ነው ይላሉ። ልጄ አንዲት ትንሽ አበባ ለመስፋት ግማሽ ሰዓት ፈጀባት፣ ሙሉውን ልብስ ቀና ብላ ስታይ ዝም አለች።

ያልወደድኩት አለ። ለዚያ ሁሉ ልጅ የጨሌው ጠረጴዛ አንድ ብቻ ነበር፣ ወረፋው አርባ ደቂቃ ወሰደብን። ግቢው ጥላ የለውም፣ ውሃም አጣን። በዚያ ሙቀት ከሕፃን ጋር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለሚቀጥለው ቢያስቡበት። የምትሄዱ ሰዎች ውሃ ያዙ፣ በጠዋት ግቡ።

ማብቂያው ላይ ልጆቹ የቀቧቸውን ትንንሽ ጃንጥላዎች ይዘው ባንዱን ተከትለን ሙዚየሙን ዞርን። መሀረብ አልያዝኩም፣ ለፀሐይ ብዬ ትከሻዬ ላይ ጣል ያደረግኳትን ነጠላ አውለበለብኩ። ሁለት ጊዜ ዞርን። ትንሹ ልጄ ሦስተኛ ካልዞርን ብሎ መኪና ውስጥ አልገባም አለ።