ፊኒክስ እና ኦሃዮ፦ በአንድ ሕግ የተደጎሙ ሁለት ፋብሪካዎች

የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የቺፕ (የስልክና የኮምፒውተር ሥራ የሚያከናውን ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ክፍል) ሕግ ለማምረቻ ድጎማ 39 ቢሊዮን ዶላር መደበ። የአሜሪካው ቺፕ አምራች ኢንቴል በአራት ግዛቶች ላሉት ፕሮጀክቶች እስከ 7.86 ቢሊዮን፣ የታይዋኑ ቺፕ አምራች ቲኤስኤምሲ ደግሞ ለአሪዞና 6.6 ቢሊዮን ተፈቀደላቸው። ብዙ የተሰጠው ወደ ኋላ ቀረ።

ቲኤስኤምሲ በአሪዞና ግዛቷ ከተማ ፊኒክስ ላይ መሣሪያ የሚተክል የሰለጠነ ሠራተኛ አጥሮት ከታይዋን ባለሙያ እስከ ማስመጣት ደረሰ፤ ሥራውም ዘገየ። ሆኖም እነ አፕል ከጅምሩ ደንበኞቹ ስለነበሩ ባለ 4 ናኖሜትር (እጅግ ረቂቅ የሆነ የቺፕ ትውልድ) ቺፕ በብዛት ማምረት ችሏል። የኢንቴል የኦሃዮ ፋብሪካስ? በ2025 ይጀምራል የተባለው ቀጠሮ ወደ 2030 እና 2031 ተገፋ። ኢንቴል ለሌሎች ኩባንያዎች ለማምረት ያሰበውን ያህል ገበያ አላገኘም። በ2025 መንግሥት ራሱ የኢንቴልን 10 በመቶ ገደማ ድርሻ ያዘ፤ ባለአክሲዮን መሆን ግን ደንበኛ ከመሆን ይለያል።

በእኔ ሚዛን ፊኒክስ ይበልጣል። ቢሆንም ሙሉ በሙሉ የአሜሪካ ምርት ለማለት አልደፍርም፦ እዚያ የተመረተው የሲሊከን ቺፕ በመከላከያ ሽፋን ታሽጎ ለአገልግሎት ዝግጁ እንዲሆን በአውሮፕላን ወደ ታይዋን ሲላክ ቆይቷል፤ ረቂቁን ንድፍ እጅግ አጭር የሞገድ ርዝመት ባለው አልትራቫዮሌት (ኢዩቪ) ብርሃን የሚያትመውን ማሽን የሚሠራውም የኔዘርላንድሱ ኤኤስኤምኤል ብቻ ነው።