«የጣልያን ጊዜ ጫማ ነው» ተብዬ ስለሄድኩበት የጅማ አሮጌ ዕቃ ሱቅ

ጅማ መርካቶ ገባ ብሎ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ አለ፣ ስሙን አልጠራም፣ ሰውየውን ልከስ አይደለም የመጣሁት ደሞም ቡና ጋብዘውኛል። ሬዲዮ፣ ፋኖስ፣ ማርትሬዛ ብር፣ በርጩማ ምናምን ሞልቷል። እኔ ግን የሄድኩት ለጫማ ነው፣ ጓደኛዬ «የድሮ የሴት ጫማ አንድ መደርደሪያ ሙሉ አለ» ስትለኝ መቀመጥ አቃተኝ። አባቴ ጫማ ሰሪ ነበር፣ ያደግኩት ፎርማ (ጫማው የሚወጠርበት የእግር ቅርጽ) እና ማስቲሽ መሃል ስለሆነ ጫማ ሳገኝ ከላይ ሳላየው ነው የምገለብጠው።

መጀመሪያ ያወረዱልኝ ነጭ፣ አፍንጫው ሹል፣ ታኮው እርሳስ የሚያክል ጫማ ነው። «ይሄ የጣልያን ጊዜ ነው የኔ ልጅ፣ የአንድ ጣልያን መኮንን ሚስት ናት ጥላው የሄደችው» አሉኝ። ስንት ነው ስል 8,000 ብር። ጫማው ያምራል፣ አልዋሽም። ግን ታኮው ጫፍ ላይ ያለችው ጎማ ላልታ ነበርና በጥፍሬ ገፋ ሳደርጋት ውስጡ ፕላስቲክ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ የብረት ዘንግ ብቅ አለ። በቃ እዚያው አለቀ። እንዲህ የቀጠነ ታኮ እንጨት ብቻ ቢሆን ሁለት ቀን አይቆይም፣ ሰው የሚሸከመው ውስጡ ያለው ብረት ነው፣ እሱ ደሞ ፋሽን የሆነው በ1950ዎቹ ነው፣ ሮዤ ቪቪዬ የሚባለው ፈረንሳዊ ጫማ ሰሪ ዲዮር ለሚባለው የፓሪስ ፋሽን ቤት ሲሰራ (እ.ኤ.አ. ነው የማወራው፣ የፈረንጅ ጫማ ስለሆነ በራሱ ካላንደር ይሻለዋል)። ጣልያን ከጅማ የወጣው በ1933 ዓ.ም. ነው፣ በነሱ 1941 መሆኑ ነው። ሴትየዋ ጥላው ልትሄድ ቀርቶ ጫማው ገና አልተሰራም። ካላንደር ተምታቶባቸው ነው ብዬ ስምንት ዓመት ብጨምርላቸው እንኳን አይደርስም እኮ።

ቀጥሎ «የምኒልክ ጊዜ» የተባለ ጥቁር ቡትስ መጣ፣ ጎኑ ላይ ቁልፍ የተደረደረበት። እዚህ ላይ ልብ ትንሽ ይደነግጣል፣ ምክንያቱም ፈረንጅ አገር ከ1880ዎቹ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የሴት ቡትስ እውነትም በቁልፍ ነበር የሚዘጋው፣ ቁልፏን እየሳበ የሚያስገባ መንጠቆ ሁሉ ነበረው። እጄን ወደ ውስጥ ስሰድ ግን ምን አገኘሁ መሰላችሁ፣ ዚፕ! ቁልፎቹ ለጌጥ ነው የተሰፉት። ምኒልክ ያረፉት በ1906 ዓ.ም. (1913) ነው፣ በዚፕ የሚዘጋ ጫማ በደንብ የታወቀው ደግሞ ጉድሪች የሚባለው የአሜሪካ ጎማ ፋብሪካ በ1923 የጎማ ቡትስ ሲያወጣ ነው፣ የዚህኛው ዚፕ ጥርሱ ራሱ ፕላስቲክ ነው። ሶሉን ጫን ሳደርገው ደሞ እንደ በሶ እጄ ላይ ተበተነ። ፖሊዩሪቴን የሚባለው ሶል ነው፣ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የመጣ፣ ሳይለበስ ቢቀመጥም እርጥበት ውስጥ ውስጡን ይበላዋል፣ የጅማን ዝናብ ደሞ ታውቁታላችሁ። ሰውየው «ልጄ ሰበርሽው!» ብለው ደነገጡ፣ እኔም አፈርኩ፣ ግን ካሳ አልጠየቁኝም፣ ይሄን መናገር አለብኝ።

ጨዋታ ለመቀየር ብዬ አውሮፓ ውስጥ እስከ 1800 አካባቢ ድረስ ጫማ ግራና ቀኝ ሳይለይ በአንድ ቀጥ ያለ ፎርማ ይሰራ እንደነበር ነገርኳቸው፣ ከት ብለው ሳቁ። በሚቀጥለው ሳምንት ግራ ቀኝ የሌለው ጫማ ይዘው እንዳይጠብቁኝ ፈርቻለሁ።

አሁን ዋናው። መሬት ላይ ካርቶን ውስጥ ከተወረወሩት መሃል አንድ ጥንድ አገኘሁ፣ ታኮውና ሶሉ አንድ ላይ ድፍን የሆነ፣ በቡኒ ቆዳ የተለበጠ። ቆዳው አንድ ጥግ ላይ ተልጦ ውስጡ ቡሽ ይታያል፣ ያው የጠርሙስ ቡሽ። «እሱማ ተራ ነው፣ የደርግ ጊዜ፣ 1,200 ስጪኝ» አሉ። ደርግ ጊዜ ድፍን ታኮ ፋሽን ሆኖ መመለሱ እውነት ነው፣ እናቶቻችን ፎቶ ላይ አለ። ይሄ ግን ከታች የሚረግጠው ቆዳ ነው፣ ስፌቱ የእጅ ነው፣ ፕላስቲክ የሚባል የትም የለውም፣ እኔ በፈረንጅ የ1940ዎቹ ነው የምለው። የዚህ ሞዴል ታሪክ ደሞ ከኛው ጋር የተያያዘ ነው። ጣልያን እኛን ስትወር የመንግሥታት ማኅበር ማዕቀብ ጣለባት፣ ጥሩ ብረት ጠፋ፣ ፍሎረንስ ውስጥ ሳልቫቶሬ ፌራጋሞ የሚባለው ጫማ ሰሪ ረጅም ታኮ ጫማ ወገቡ ላይ የሚገባው ብረት እየተሰበረ አስቸገረው። ከዚያ ብረቱን ትቶ በተረከዙና በፊቱ መሃል ያለውን ክፍተት በሰርዲኒያ ቡሽ ደፈነው፣ ሴቶቹ ወደዱት፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ ዓለም ሁሉ ለበሰው። እኛን በመውረራቸው የመጣ ጫማ ጅማ ካርቶን ውስጥ ተጥሎ ሳገኘው ዝም ብዬ ትንሽ ቆምኩ። 900 ሰጥቼ ወሰድኩት፣ ቁጥሩ 36 ነው፣ እኔ 38 ነኝ፣ ምን ይደረግ።

ቅሬታዬ አንድ ነው። ሰውየው ጫማዎቹን ሊስትሮ እየጠሩ ያስቀቧቸዋል፣ ስፌቱም ማህተሙም ቀለም ውስጥ ይሰምጣል፣ ዘመኑን የሚናገረው ደሞ እሱ ነው። ዕቃው የተቀመጠበት ጥግ ሻጋታ ይሸታል። ከዚህ ውጪ መስተንግዶ አሪፍ፣ ዋጋ ይከራከራሉ፣ እያንዳንዱን ገልብጣችሁ ብታዩ አይቆጡም፣ ታሪካቸውን ግን ከቡናው ጋር ጠጡትና እለፉ።

የነጩን ጫማ ነገር በጨዋ ቋንቋ ነግሬያቸው ነበር፣ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ባለፈው ሐሙስ በዚያ ሳልፍ መስኮቱ ላይ አየኋት፣ «የጃንሆይ ዘመን» የሚል ካርቶን ተለጥፎባታል፣ ዘመኑ አሁን ልክ ነው፣ ዋጋዋ ያው 8,000።