«ክራፍት ጂን» ብለው ሊኬር እንዳይሸጡላችሁ

ለንደን ያላችሁ ልጆች፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ «ክራፍት ጂን ቅመሱ» የሚል ድንኳን ካያችሁ እጃችሁ ኪሳችሁ ከመግባቱ በፊት ይቺን አንብቡ። እኔ ጂን ብዬ ሊኬር፣ ማለት ስኳር የበዛበት ጣፋጭ መጠጥ፣ ገዝቼ 36 ፓውንድ ተበላሁ።

ለጓደኛዬ ምርቃት መጠጥ ልገዛ ነበር የወጣሁት። ሻጩ አፈ ጮሌ ነው። በትንሽ የመዳብ ድስት ራሱ እንደሚያወጣው፣ ድንብላልና የብርቱካን ልጣጭ እንደሚገባበት እያወራ አንድ ብርጭቆ ቀዳልኝ፤ በረዶው እስከ አፉ፣ ቶኒኩ ሙልት ያለ፣ ከላይ የብርቱካን ቁራጭ። ጣፈጠኝ! ለምን አይጣፍጠኝ፣ የቀመስኩት ቶኒኩንና ብርቱካኑን ነው፣ ጂኑን መች አገኘሁት። ጠርሙሱ ደግሞ ያምራል፣ አፉ በሰም የታሸገ፣ ፊቱ ላይ በትልቁ «ጂን»። ግማሽ ሊትር። ገዛሁ።

ማታ ሰው ሲሰበሰብ በሎሚና በማር የሚሠራውን ኮክቴል ጀመርኩ። 50 ሚሊ ጂን፣ 25 ሚሊ የሎሚ ጭማቂ፣ 20 ሚሊ በሙቅ ውሃ የቀጠነ ማር፣ በበረዶ በደንብ ተመትቶ ይጠለላል። አሳፍሮኝ አያውቅም። አንድ ጋሼ ፉት አሉለትና ብርጭቆውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው አዩት፦ «ልጄ፣ ብርዝ ነው እንዴ የሰጠሽኝ?» ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጠርሙሱን አዙሬ ሳይ ከጀርባው በደቃቅ ፊደል «ሊኬር፣ 20 በመቶ» ይላል።

እዚህ አገር አንድ መጠጥ ጂን ለመባል አልኮሉ ቢያንስ 37.5 በመቶ መሆን አለበት፣ ጎልቶ የሚወጣው ጣዕምም የጥድ ፍሬ። ሊኬር ግን ስኳር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሊትር 100 ግራምና ከዚያ በላይ። እሱ ላይ ማር ስትጨምሩበት ሎሚው ምን ያድርግ? ሊኬር መጥፎ ነው አላልኩም፣ እናቴ ከኬክ ጋር ትወደዋለች። በጂን ስምና በጂን ዋጋ ሲሸጡልኝ ነው የሚያናድደኝ።

ስለዚህ ሲያስቀምሷችሁ ያለ በረዶ፣ ያለ ቶኒክ፣ ንጹሑን በሉ። መጀመሪያ አሽትቱት፤ ጂን ከሆነ ያ ለገና ቤት የሚገባው ጥድ ዓይነት ሽታ ቀድሞ ይመጣል። ከዚያ አንድ ጠብታ በሁለት ጣታችሁ አሹት። ሲደርቅ ጣታችሁን ካጣበቀው ስኳር አለበት። የጠርሙሱን ጀርባ ማንበብማ አይነገርም፣ እኔ ራሴ አላነበብኩም እንጂ።

በሳምንቱ ይዤው ተመለስኩ። «ከጀርባው ተጽፏል እኮ» አለኝ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዝ የሸማቾች መብት ሕግ፣ ዕቃው እንደተባለው ሆኖ ካልተገኘ በ30 ቀን ውስጥ መልሼ ሙሉ ገንዘቤን እንድቀበል ይፈቅድልኛል ስለው ፊቱ ተለዋወጠ፣ አጉረምርሞ 20 ፓውንድ ቆጠረልኝ። በጥሬ ገንዘብ ነበር የከፈልኩት፣ ደረሰኝም አልተቀበልኩም፣ ምን ይዤ ልሟገት? ተቀብዬ ሄድኩ። እናንተ በካርድ ክፈሉ።