ላይሰንሴን ላስመለሰችልኝ ባሪስተር

ለንደን ውስጥ በፒሲኦ፣ ማለትም በግል ታክሲ ላይሰንስ፣ የምትሰሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ይቺን ነገር አንብቡልኝ። ብትረዝምም ታገሱኝ፣ አስራ አንድ ወር ሙሉ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ የከረመ ነው።

አንድ ሌሊት የሰከረ ተሳፋሪ ወርዶ በሩን ሊገነጥለው ደረሰ። እኔም ወርጄ ያዝኩት። በማግስቱ "መታኝ" ብሎ ከሰሰኝ። ፖሊስ ጠራኝ፣ በአስተርጓሚ ቃሌን ሰጠሁ፣ ክስ ተመሰረተ። ብዙ ሳይቆይ ላይሰንሴ ተሰረዘ። የመኪናው ኪራይ ግን በየሳምንቱ ይቆጥራል፣ ልጆቹም ይበላሉ።

መጀመሪያ የሄድኩበትን የጠበቃ ቢሮ ስም አልጠራም። 1,200 ፓውንድ በቅድሚያ ተቀበሉኝ። በደወልኩ ቁጥር ሌላ ሰው ነው የሚያነሳው፣ ታሪኬን ከሀ ጀምሬ እንደገና። በመጨረሻ አንዱ "ጥፋተኛ ነኝ በልና ተገላገል፣ ቅጣቱ ቀላል ነው" አለኝ። ላይሰንሴስ ስለው "እሱ ሌላ ጉዳይ ነው" አይለኝም! እንጀራዬ እኮ ነው ሌላ ጉዳይ የሆነው። ያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ አለቀስኩ፣ አላፍርም።

አንድ ወዳጄ ነው ያነቃኝ። ለካ ከ2004 (በፈረንጅ) ጀምሮ ሰው በቀጥታ ባሪስተር ጋ፣ ማለትም ፍርድ ቤት ቆሞ የሚከራከረው ጠበቃ ጋ፣ መሄድ ይችላል፣ የግድ ጉዳዩን ይዞ ወረቀቱን በሚያዘጋጀው ጠበቃ፣ በሶሊሲተር በኩል አይደለም። ሁሉም ባሪስተር ግን አይቀበልም፣ ጠይቁ። እኔ በወንጀልም በላይሰንስ ጉዳይም የምትሰራ አገኘሁ። ለላይሰንሱ ይግባኝ የሚሰጠው 21 ቀን ነው፣ እኔ የደረስኩት በ18ኛው። በአንድ ማታ ጽፋ ላከችልኝ፣ ያስገባሁት ግን ራሴ ነኝ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ለፖሊስ የሰጠሁትን ቃል እያነበበች ድንገት ቆመች። "ማንን ነው የያዝከው?" አለችኝ። በሩን ነዋ! አስተርጓሚው ለካ "ሰውየውን ያዝኩት" ብሎ ነው ያስገባው። "በቋንቋችሁ ለሰውም ለዕቃም ቃሉ አንድ ነው እንዴ?" አዎ አልኳት። አማርኛ አንዲት ቃል የማታውቅ ሴት! የድምፅ ቅጂው በሌላ አስተርጓሚ እንዲሰማ አደረገች፣ ነገሩም እዚያው ተፈታ። እኔ ያንን ወረቀት ስንት ጊዜ ይዤ ዞሬያለሁ፣ ያ ቢሮም ፋይሉ ውስጥ ነበረው።

የፍርዱ ቀን ያን ባሪስተሮች የሚያደርጉትን ነጭ ሰው ሰራሽ ፀጉር አድርጋ ትመጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ማጅስትሬት በሚሉት የታችኛው ፍርድ ቤት አይደረግም አለችኝና ሳቀች። ነጻ ወጣሁ። አለቀ ስል ገና ነው አለችኝ፣ ምክንያቱም ከወንጀሉ ነጻ መውጣት ላይሰንስ አይመልስም። እዚያ ዳኞቹ እርግጠኛ ካልሆኑ ትለቀቃለህ፣ እዚህ ግን የሚጠየቀው ለስራው ትመጥናለህ ወይ የሚለው ነው፣ ሚዛኑም ሌላ ነው አለች። ህጉን እንዲህ ነው ብዬ አላስረዳችሁም፣ እኔም በደንብ አልገባኝም። እሷ ግን ገብቷታል። ይግባኙንም አሸነፍን።

ስሟን እዚህ ያልጻፍኩት ሳልጠይቃት ስለሆነ ነው። የቸገረው ኢንቦክስ ያድርግልኝ፣ በደስታ እሰጣለሁ። እባካችሁ ቀኑ ሳያልፍ ሂዱ። ፖሊስ ጣቢያም የሚመደበው ጠበቃ ነጻ ነው፣ እኔ አፍሬ እምቢ አልኩ፣ እናንተ እንዳትሉ። ማንም ደግሞ "ጥፋተኛ ነኝ በል" ቢላችሁ መጀመሪያ ላይሰንሴስ በሉት።

እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ትናንት ሌሊት ሂትሮው ኤርፖርት ሁለቴ ተመላለስኩ።