አንሲብል፣ ፐፔት፣ ሶልት ወይስ ሼፍ? ሊኑክስም ዊንዶውስም ለምታስተዳድሩ

አንሲብል፣ ፐፔት፣ ሶልትና ሼፍ ብዙ ሰርቨሮችን ከአንድ ቦታ ሆኖ ለማስተካከል የሚረዱ መሳሪያዎች ናቸው። ሰርቨሮቻችሁ በሙሉ ኡቡንቱ (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) ከሆኑ ብዙ አትጨነቁ፤ አራቱም ሥራውን ይሠራሉ። ራስ ምታቱ የሚጀምረው ኡቡንቱ፣ ሬድ ሃት (ሌላው የሊኑክስ ዓይነት) እና ዊንዶውስ ሰርቨር አንድ ላይ ሲሆኑ ነው።

«አንዴ ጻፉት፣ ሁሉም ላይ ይሠራል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉት። አፓቺ ዌብ ሰርቨር ኡቡንቱ ላይ «አፓቺ2» የሚባል ፓኬጅ (የሚጫን የፕሮግራም ጥቅል) ነው፤ ሬድ ሃት ላይ ደግሞ «ኤችቲቲፒዲ»። የኮንፊገሬሽን ፋይሉ (ሴቲንጉ የሚጻፍበት) የሚቀመጥበት ቦታም ይለያያል። ከአራቱ አንዱም ይህን ልዩነት በራሱ አይፈታላችሁም። ማሽኑ የትኛው ሲስተም እንደሆነ አጣርተው ይነግሯችኋል፤ «እንዲህ ከሆነ ይሄን፣ እንዲያ ከሆነ ያን» የሚለውን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ።

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው በአንሲብል ነው፤ ምክንያትም አለው። በምታስተዳድሩት ማሽን ላይ ኤጀንት (እዚያው ተቀምጦ ትእዛዝ የሚፈጽም ትንሽ ፕሮግራም) አይጫንም። ሊኑክሱ ጋ በኤስኤስኤች (ከርቀት በደህና መግቢያ መንገድ) ይገባል፣ እዚያ የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋን ካገኘ ይበቃዋል። ትእዛዙ የሚጻፈው በያምል (ቀላል የጽሑፍ አጻጻፍ) ስለሆነ ፕሮግራመር ያልሆነም ያነበዋል። ዊንዶውስ ላይ ግን ነገሩ ይቀየራል። ግንኙነቱ በተለምዶ በዊንአርኤም (የዊንዶውስ የራሱ የርቀት ማስተዳደሪያ መንገድ) ነው፤ ሰርተፊኬቱንና የመግቢያ ፈቃዱን ማስተካከል ትዕግስት ይፈትናል። አዳዲሶቹ ስሪቶች በኤስኤስኤችም መግባት ስለሚችሉ ትንሽ ቀሏል። በዚያ ላይ የዊንዶውስ ሞጁሎቹ (እያንዳንዱን ሥራ የሚሠሩት ክፍሎች) ለብቻቸው ናቸው፤ ፋይል የሚቀዳው እንኳ ሌላ ነው። ስለዚህ ሥራችሁ ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንሲብልን የምታስነሱበት ማሽን ራሱም ዊንዶውስ መሆን አይችልም።

ትልቁ ድክመቱ ሌላ ነው። አንሲብል የሚሠራው ስታስነሱት ብቻ ነው። አንድ ሰው ማታ ገብቶ ሴቲንግ ቢቀይር፣ ቀጣዩ ዙር እስኪደርስ የሚያውቅ የለም። ሳይነገራችሁ እንዳይቀር፦ ካልቀየራችሁት በአንድ ጊዜ 5 ማሽን ብቻ ነው የሚይዘው። «አንሲብል ቀርፋፋ ነው» የሚለው ወሬ ግማሹ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ፐፔት እዚህ ላይ ይበልጠዋል። ኤጀንቱ በየ30 ደቂቃው ራሱ ይነቃል፣ ያያል፣ የተበላሸውን ይመልሳል። ፋይል፣ ሰርቪስ፣ ዩዘር የሚባሉት ነገሮች ሊኑክስም ዊንዶውስም ላይ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ይገለጻሉ፤ ለተቀላቀለ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዋጋው ግን አለ። ዋናው ሰርቨር ሊኑክስ ላይ መሆን አለበት፣ በጃቫ ስለሚሠራ ሜሞሪ ይበላል፣ የራሱን ቋንቋም መማር አለባችሁ። ፐርፎርስ የተባለ የሶፍትዌር ድርጅት የፐፔትን ኩባንያ በ2022 (እ.ኤ.አ.) ከገዛ በኋላ የነጻው ስሪት ስርጭት ተለውጧል። በዚህ ያልተደሰቱ ተጠቃሚዎች ኦፕንቮክስ የሚባል፣ ከፐፔት ኮድ የተወሰደ ሌላ ስሪት አውጥተዋል። ነጻውን የምትፈልጉ ከሆነ መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ እሱን ነው።

ሶልት ፍጥነት ለሚፈልጉ ነው። ኤጀንቶቹ ከዋናው ሰርቨር ጋር በፖርት (የኔትወርክ በር) 4505 እና 4506 ሁልጊዜ ተገናኝተው ስለሚቆዩ፣ አንድ ኮማንድ ብዙ ማሽን ላይ ባንዴ ይደርሳል። የዊንዶውስ ኤጀንትም አለው። እነዚያን ፖርቶች ግን ለኢንተርኔት ክፍት አትተዉ። በ2020 በወጣው ከባድ የደህንነት ክፍተት የተጠቁት እንዲህ የተዉት ናቸው። ባለቤቱም ተቀያይሯል፦ ቪኤምዌር በ2020 ገዛው፣ ቪኤምዌርን ራሱን ደግሞ ብሮድኮም በ2023 ወሰደው።

ሼፍ? ቡድናችሁ በሩቢ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሚጽፍ ከሆነ ደስ ይላል። ካልሆነ ዛሬ በእሱ ጀምሩ አልልም። ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ኩባንያው የሚያወጣውን ዝግጁ ጥቅል ለንግድ ለመጠቀም ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል።

የእኔ ምርጫ? ዊንዶውሶቹ ጥቂት ከሆኑና ቡድኑ ትንሽ ከሆነ አንሲብል። ብዙ እጅ የሚነካካቸው ሰርቨሮች ካሏችሁ፣ ወይም ኦዲተር «ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ከሆነ ፐፔት። የድርጅት ስሪቶቹ ዋጋ የሚታሰበው በምታስተዳድሩት ማሽን ብዛት ስለሆነ፣ ሻጩን ከማነጋገራችሁ በፊት ቁጥራችሁን እወቁ።

ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ኡቡንቱ፣ አንድ ሬድ ሃት፣ አንድ ዊንዶውስ አዘጋጁ። ዩዘር፣ ሰርቪስና አንድ የኮንፊገሬሽን ፋይል በመሳሪያው አስተካክሉ። ከዚያ ምንም ሳትነኩ ድጋሚ አስነሱት፤ በሁለተኛው ዙር «ተቀየረ» የሚል ነገር ካሳያችሁ የጻፋችሁት ገና አልተስተካከለም። በመጨረሻ ሰርቪሱን በእጃችሁ አቁሙትና መሳሪያው በስንት ደቂቃ እንደሚያስነሳው ሰዓት ያዙ።