ካሜራው የት ይታሰር? ከአገጭ ወይስ ከመሪ?

የሞተር ብስክሌት ጉዞ ለሚቀርጽ ሰው እኔ ያለ ብዙ ማመንታት የሄልሜቱን አገጭ እመርጣለሁ። አንገት የመንገዱን ንዝረት አብዛኛውን ውጦ ያስቀረዋል፤ ምስሉም አሽከርካሪው የሚያየውን ያሳያል፦ ጓንቱን፣ የፍጥነት መለኪያውን፣ ኩርባው ሲከፈት ብቅ የሚለውን መንገድ። ጉዳቱ ጭንቅላት በዞረ ቁጥር ምስሉም አብሮ መዞሩ ነው። (ለቪዲዮ ብሎ ግራ ቀኙን ማየት የሚተው ካለ ግን ካሜራውን ቤቱ ያስቀምጠው!)

ከመሪው ላይ የታሰረው ለመክፈትና ለመዝጋት ይቀላል፤ ጭንቅላትም አይከብድም። ነገር ግን ሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ምስሉን በአንድ ጊዜ ሳይሆን መስመር በመስመር ስለሚያነብ፣ የሞተሩ ፈጣን ንዝረት ቀጥ ያለውን ምሰሶ እንደ ጄሊ ያወዛውዘዋል። የምስል ማረጋጊያውም ይህን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

ድምፅን በሁለቱም ቦታ ነፋስ ያበላሸዋል፤ መናገር የፈለገ ማይክሮፎኑን ሄልሜቱ ውስጥ ያድርግ።