ታይሚንግ ላይት ለአሮጌ ቮልስ፦ የአሥራ አንድ ወር ልምድ

በ1972 እ.ኤ.አ. የተሠራችው ቮልሴ የእንጦጦን ዳገት ስትወጣ ሞተሯ መቆራረጥ ከጀመረ በኋላ ካርቡራተሯ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ሁለት ጊዜ ተፈትቶ ቢታጠብም ለውጥ አልነበረም። ታይሚንግ ላይቱን የገዛሁት ያን ጊዜ ነው። አሥራ አንድ ወር ከተጠቀምኩበት በኋላ፣ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ካርቡራተር ከማስፈታቱ በፊት ሊይዘው የሚገባ መሣሪያ ነው ብዬ አምናለሁ።

መሣሪያው ሽጉጥ ይመስላል፤ መቆንጠጫው የካንዴላ ገመድ ላይ ሲታሰር፣ ኤሌክትሪክ በገመዱ ባለፈ ቁጥር መብራቱ ብልጭ ይላል። ብዙ ሰው የሚፈልገው ታይሚንግ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት) ለማስተካከል ብቻ ሲሆን፣ እኔን ግን ይበልጥ የጠቀመኝ አራቱን ገመዶች በየተራ መፈተሼ ነው። የሦስተኛው ሲሊንደር ገመድ ላይ ሳስረው፣ ቤንዚን በሰጠሁ ቁጥር ብልጭታው እየዘለለ ይመታ ነበር፤ ሌሎቹ ላይ ግን አንድም ጊዜ አልተዛነፈም። ገመዱን ከአራተኛው ጋር ሳቀያይረው ዝላዩም ተከትሎት ወደ አራተኛው ሄደ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የገመዱ እንጂ የዲስትሪቢዩተሩ (ኤሌክትሪኩን ለአራቱ ገመዶች የሚያከፋፍለው ክፍል) ክዳን ወይም የካንዴላው አልነበረም። ጫፉን ስነቅለው የመዳብ ክሩ አረንጓዴ ዝገት በልቶት ተበጥሷል።

ከወራት በኋላ ሚኒሞ አልይዝ (ቤንዚን ሳይሰጣት ቆማ አልሠራ) ስትል መብራቱን ወደ ፑሌጃው (ከሞተሩ ጋር ወደሚዞረው የቺንጋ መዘውር) አነጣጠርኩ። የቮልስ ታይሚንግ የሚነበበው የፑሌጃው ምልክት ሁለቱ የሞተር ቤት ግማሾች ከሚጋጠሙበት መስመር ጋር ሲገናኝ ነው፤ ምልክቱን ነጭ ቀለም ቀብቼ ስመለከተው፣ እንደቆመ መታየት ሲገባው ግራና ቀኝ ይዋልል ነበር። የዲስትሪቢዩተሩን ዘንግ በጣቴ ባወዛውዘው ላልቷል፤ ዘንጉን የሚይዘው ቀለበት፣ ቡሺንጉ፣ ተበልቶ ኖሯል። እንዲህ ባለ ዘንግ ላይ የኮንታክት ፖይንቱን (በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታውን የሚያስነሳው ክፍል) ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር ላይ ማስተካከል ትርፉ ድካም ነው፤ ዘንጉ በተወዛወዘ ቁጥር ክፍተቱ ይለዋወጣልና።

የመሣሪያው ጉድለት፣ ብልጭታው በቀትር ፀሐይ አለመታየቱ ነው፤ የምሠራው ማለዳ ወይም ጥላ ሥር ነው። የቮልስ ባትሪ የኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ መሣሪያው ኤሌክትሪክ የሚያገኝበት ሽቦም አይደርስበትም፤ ቀዩን ከኮይሉ (የባትሪውን ቮልት ለካንዴላው ከሚያሳድገው ክፍል) 15 ቁጥር ጫፍ፣ ጥቁሩን ከሞተሩ አካል ጋር አገናኛለሁ። ባለ 6 ቮልት የቀድሞ ቮልስ ያለው ሰው ግን ለመሣሪያው ሌላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ማዘጋጀት አለበት።

ስለ ነዳጁ ደግሞ መብራቱ ምንም አይናገርም። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛና ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል። አሁን ብልጭታው በአራቱም ገመዶች ላይ የተስተካከለ በመሆኑ የቀረው ጥላሸት የካርቡራተሩ ነው፤ በሚቀጥለው ወር ዋናውን ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) አንድ ቁጥር ዝቅ ባለ እለውጠዋለሁ።